ስፖርት ከውድድር የወጣ ዕለት

ዛሬም ድረስ «ለእንስሳት ደኅንነት ሲባል» የሚል ነገር በሬዲዮ ስሰማ ቋቅ ይለኛል። እንስሳት ይበደሉ ማለቴ አይደለም። ያችን ሐረግ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኳት እኔ ስለሆንኩ ነው። ሁለት ሺህ ስድስት ዓ.ም. ገደማ ዳንግላ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ጠባብ የኮምፒዩተር ጽሕፈት ቤት ነበረችኝ። ማመልከቻ፣ የኪራይ ውል፣ የሠርግ ጥሪ፣ የሙት ዓመት መጥሪያ፣ የመጣውን ሁሉ እጽፋለሁ። ሰውዬውም መጣና ከኋላዬ ቆሞ፣ ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ እየተንቦለቦለ፣ አንድ በአንድ እየተናገረ አስጻፈኝ።

ሰውዬው ጋሪ ሠሪ ነው። ስሙን አልጠራውም፤ አፌን ማጉደፍ ይሆንብኛል። በዚያን ጊዜ ከተማው የሚንቀሳቀሰው በጋሪ ነበር። ሰው ከመናኸሪያ ወደ ገበያ፣ እህል ከገበያ ወደ ወፍጮ ቤት፣ ታማሚ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ሁሉም በጋሪ ነው የሚሄደው። የዚያ ሁሉ ጋሪ እኩሌታው የተበየደው ደግሞ በእሱ ግቢ ነው። ከአሮጌ ፒካፕ ላይ የጎማውን መያዣ ብረት ከነኩሽኔታው ይነቅላል፣ ሁለት ጎማ ያስርበታል፣ በላዩ ጣውላ ይረበርብበታል፤ በቃ፣ ጋሪ ሆነ። እጁ ሥራ እንደሚችል አልክድም። እጁን ብቻ ቢሰጠን ኖሮ ጥሩ ሰው ነበር።

የአዊ ፈረሰኛ ጥር ሲገባ ምን እንደሚያደርግ አገር ያውቃል። የዳንግላ ባለጋሪዎችም «እኛስ የምንነዳው ፈረስ አይደለም ወይ?» ብለው የራሳቸውን ግልቢያ ጀምረው ነበር። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ ሜዳ ላይ፣ በጋሪ የሚተዳደር ሁሉ ጋሪውን አራግፎ፣ ፈረሱን አጥቦ ይመጣል። ቀልድ እንዳይመስላችሁ። ያሸነፈ ባለጋሪ ዓመቱን ሙሉ ተሳፋሪ «እሱ ካልመጣ አልሳፈርም» እያለ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ጋሪ ሠሪው ለዚህ ግልቢያ ብቻ የሚሆን ጋሪ ሠራ። ከውኃ ቧንቧ የተበየደ፣ በሞተር ሳይክል ጎማ የሚሄድ፣ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ ቀይ ነገር ነው። ጤፍ አይጭን፣ ሰው አያሳፍር፣ መብረር ብቻ ነው ሥራው። ከኋላው በነጭ ቀለም «ስፖርት» ብሎ ጻፈበትና ስሙ በዚያው ስፖርት ሆኖ ቀረ። ስፖርት ባሸነፈ ማግሥት ገበሬው ጋሪ ሠሪው ደጅ ላይ ይሰለፋል። «እንደ ስፖርት ያለ ሥራልኝ» ይለዋል። እሱም ያንኑ ከባድ የእህል መጫኛ ቀይ ቀለም ቀብቶ ይሸጥለታል። ገበሬው ደስ ብሎት ይሄዳል።

ስፖርትን የሚጎትተው አንድ ዳማ ፈረስ ነው። ፈረሱም የጋሪ ሠሪው ነው። የሚነዳው አባቴ ነበር።

አባቴ የተወለደው ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ባለች የገጠር መንደር ነው። እዚያ ፈረስ የሌለው ወንድ ሠርግም ሲሄድ ለቅሶም ሲሄድ በእግሩ፣ ከሴቶቹ ጋር ነው። አባቴ በልጅነቱ ፈረስ ስላልነበረው ወደ ከተማ መጣ፤ ከተማ ገብቶም ዕድሜውን ሙሉ የሰው ፈረስ ሲነዳ ኖረ። ዳማው ወደ ጋሪ ሠሪው ግቢ የመጣው አጥንቱ የሚቆጠር፣ የሰው እጅ ሲያይ የሚደነብር ውርንጭላ ሆኖ ነው። አብልቶ፣ አሽቶ፣ አባብሎ ፈረስ ያደረገው አባቴ ነው። እናቴ ቀደም ብላ ስላረፈች በቤታችን እኔና እሱ ብቻ ነበርን። እውነቱን ለመናገር ግን ሦስት ነበርን፤ እራት ላይ የምንጫወተው ስለ ዳማው ነበርና። ዛሬ ምን በላ፣ ማንን ነከሰ፣ የቱ ጋ አነከሰ። ሌላ ሴት ቢያገባ ይሻለኝ ነበር እያልኩ አሾፍበታለሁ።

አንድ ጥር ላይ፣ ስፖርት ባሸነፈ ምሽት፣ ጋሪ ሠሪው ጠላ ቤት ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማው «ስፖርት ውድድር ያቆመ ዕለት ዳማው የአንተ ነው» አለው። ከዚያ ወዲያ አባቴ የሚፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ዳማውን የራሱ አድርጎ፣ ኮርቻ ጭኖ፣ በእግሩ ወደወጣባት መንደር በፈረስ መግባት። ከቤታችን ጀርባ በባሕር ዛፍ ጋጣ ሠራለት። ባዶ ጋጣ። ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያውን ያድሳል። ጎረቤት ሲስቅበት አብሮ ይስቃል፤ እድሳቱን ግን አይተውም።

እንግዲህ ጋሪ ሠሪው ከኋላዬ ቆሞ ያስጻፈኝ ይህን ነው። «ድርጅታችን ለእንስሳት ደኅንነት ሲባል ስፖርት የተባለውን ዝነኛ ጋሪውን ከውድድር ዓለም ማግለሉን የሚገልጸው በታላቅ ኀዘንና ኩራት ነው።»

«ኀዘንና ኩራት አብረው ይሄዳሉ?» አልኩት።

«ይሄዳሉ፤ ጻፊ። ደኅንነት የሚለውን አድምቂልኝ።»

«ከመቼ ወዲህ ነው ፈረስ የሚያሳዝነዎት?» ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር። የእሱን ፈረሶች እኮ አውቃቸዋለሁ። ጀርባቸው በቀንበር ተልጦ ዝንብ የሰፈረባቸው ናቸው። እግሩ የተሰበረውን ደግሞ ሲመሽ አስፋልት ዳር ወስዶ ይጥለዋል፤ ሌሊት ጅብ ይጨርሰዋል፣ ጠዋት እኛ አፍንጫችንን ይዘን እናልፋለን። የድርጅቱ ርኅራኄ ይኸው ነበር። እውነተኛው ምክንያት በግቢው ውስጥ ላስቲክ ለብሶ ቆሟል፤ አዳዲስ ባጃጅ። ወደ ከተማው ባጃጅ እያስመጣ ሊሸጥ ነው። ጋሪ ሲሸጥ የፈረስ ጉልበት ያወድስ የነበረ ሰው፣ ባጃጅ ሊሸጥ ሲነሣ ለፈረስ አዘነ።

ቢሆንም ዝም አልኩ። ስፖርት ወጣ ማለት ዳማው ወደ እኛ መጣ ማለት ነው። ይዋሽ፣ ምን ቸገረኝ ብዬ አተምኩለት። ጽሕፈት ቤቴን ዘግቼ ወደ ቤት ሮጥኩ። አባቴ ደጅ ላይ ልጓም ይሰፋ ነበር።

«አባባ፣ ስፖርት ከውድድር ወጣ።»

«ማን አለሽ?»

«በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት።»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካ። ተነሥቶ ወደ ጋጣው ሄደና የበሩን መወርወሪያ ከፈተው፣ ዘጋው፣ ደግሞ ከፈተው። ሲመለስ ፊቱ በሳቅ ተሞልቶ ነበር። አባቴ ጥርሱን አያሳይም፤ ያን ቀን አሳየ።

በማግሥቱ ጋሪ ሠሪው አስጠራው። ለስፖርት በገበያ ቀን ታላቅ ሽኝት አዘጋጅቷል። ዳማው ተሸልሞ ከፊት ይሄዳል። አባቴ ሁልጊዜ ለግልቢያ የሚለብሳት ቀይ ሹራብ ኮርቻው ላይ ትዘረጋለች፣ አለንጋው በላይዋ ይጋደማል። ከዚያ ስፖርት ባዶውን ይከተላል። ከሁሉ ኋላ አንድ አዲስ ባጃጅ፣ ዙሪያውን በመጋረጃ ተሸፍኖ፣ በአበባ አጊጦ ይመጣል። አባቴ ውስጡ ይቀመጣል። አደባባይ ሲደርሱ መጋረጃው ይገለጥና እጁን እያውለበለበ ይወጣል። ጋሪ ሠሪውም በድምፅ ማጉያ «ከጋሪ ወደ ባጃጅ!» ይላል። ነገሩ ይኸው ነው። «ሽኝቱን አሳምርልኝ፤ ከዚያ ፈረሱ ያው የአንተ ነው» ብሎ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

«አባባ፣ መጫወቻ ሊያደርግህ እኮ ነው» አልኩት።

«ለግማሽ ቀን መጫወቻ ብሆን ምን እሆናለሁ? ፈረስ ነው የማገኘው» አለኝ።

እንዴት እንዳልታየን አሁን ሳስበው ይገርመኛል። ሹራቡ ለብቻው፣ ፈረሱ ለብቻው፣ መጋረጃው ለብቻው ሲነገር ምንም አይመስልም። ሁሉም አንድ ላይ ተሰልፎ ሲመጣ ነው የሚታየው። በእኛ አገር ገጠር አንድ ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ይሸለማል፣ ልብሱ ኮርቻው ላይ ይደረጋል፣ ሰው ልጓሙን ይዞ በለቅሶው ሜዳ ቀስ እያለ ያዞረዋል። ይህን የማያውቅ የአዊ ልጅ የለም። ጋሪ ሠሪው ደግሞ ከእኛ ከራሳችን የተወለደ ሰው ነው።

በገበያው ቀን ሰልፉ ከግቢው ወጣ። እኔ ጽሕፈት ቤቴ ደጃፍ ላይ ቆሜ ነበር። ዳማው በነሐስ ጌጥ አብረቅርቆ ከፊት ይመጣል። ልጓሙን የያዙት ሁለት ሰዎች ለማዕረግ ተብሎ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። ቀይዋ ሹራብ እጆቿን ግራና ቀኝ ዘርግታ ኮርቻው ላይ ተኝታለች። ስፖርት ነጂ የሌለው ባዶ ጋሪ ሆኖ ይንቀጫቀጫል። በኋላው መጋረጃ የለበሰው ባጃጅ በዝግታ ይከተላል። «ኀዘንና ኩራት» የተባለው እንዳይቀር ደግሞ ከድምፅ ማጉያው የዋሽንት እንጉርጉሮ ይፈሳል። የሰልፉ ትርጉም ያኔ ነው የታየኝ።

የገበያውን ዳር የከሰል ሻጮች ይዘውታል። ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ያለው ገበሬ በዚያ ዘመን ማሳውን ሁሉ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎበት ከሰል ያከስላል፤ አንዳንዱም ዳንግላ ድረስ ጭኖ ይመጣል። ከመሐላቸው የአባቴ መንደር ሴት ነበረች፤ አብራው ያደገች። ፈረሱን አየች፣ ሹራቡን አየች፣ ባዶውን ጋሪ አየች፣ መጋረጃውን አየች። የከሰል ጆንያዋን ገፍትራ ጣለችና ደረቷን መታች። «ወይኔ ወንድሜን! ወይኔ ጌታዬን!» አለች። ቀጥላ በአገውኛ ሙሾ ማውረድ ጀመረች። ከእሷ ጎን ያለችው ተቀበለች። ከዚያ የገጠሩ ሰው በሙሉ አባቴን በስሙ እየጠራ ጮኸ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን አደግድገው ከፈረሱ ኋላ ገቡ።

የከተማው ሰው ትርኢት መስሎት ይስቃል። ጋሪ ሠሪው ደግሞ ማጉያውን ወደ አፉ አስጠግቶ ምን ቢል ጥሩ ነው? «አያችሁ! ሕዝቡ ለስፖርት እያለቀሰ ነው! ይህ ነው ፍቅር!»

አባቴ ውስጥ ሆኖ ሁሉንም ይሰማል። በስሙ ሲለቀስ፣ ልጅነቱ ሲነሣ፣ ደግነቱ ሲዘረዘር ይሰማል። መጋረጃው ከውጭ ታስሯል። ነጂው አደባባይ ሳይደርስ እንዳይፈታ ታዟል። «አለሁ! አለሁ እኮ!» እያለ እንደጮኸ በኋላ ነገረኝ፤ ዋሽንቱ ዋጠው። ጥፍሩ እስኪነቀል መጋረጃውን ቀድዶ ሲወጣ ያች የመንደሩ ሴት ፊት ለፊት አገኘችው። አንድ ጊዜ ጮኸችና ዘፍ ብላ ወደቀች። የከተማው ሰው አጨበጨበ። እዚያ ላይ የተሰማኝን ጽፌ አልጨርሰውም። የማጨብጨቡ ድምፅ እስከ ዛሬ እጄን ያሳክከኛል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ይረሳ ነበር። ግን ከመንደሩ ሰዎች አንዱ መርዶውን ይዞ ሚኒባስ ውስጥ ገብቷል። ያኔ መንደሩ ኔትወርክ አልነበረውም፤ ብንደውል ብንደውል የማይሆን ሆነ። አባቴና እኔ የተገኘው መኪና ላይ ተንጠልጥለን አዲስ ቅዳም ወረድን፤ ከዚያ በእግር ሮጥን። አያቴ፣ የአባቴ እናት፣ አንድ እሱን ብቻ ነው የወለደችው። ስንደርስ ግቢው በሰው ሞልቷል። እሷ መሐል ላይ መሬት ተቀምጣለች። ፊቷን ነጭታዋለች፤ ከጉንጯ እስከ አገጯ ደም ነው። አባቴ ከፊቷ ተንበረከከ። እጁን ያዘች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዳሰሰች፣ አንገቱን አሸተተች። እልል ትላለች ብዬ ስጠብቅ አላለችም።

«አለህ?» አለችው።

«አለሁ እናቴ።»

«ታዲያ ፈረሱን ማን አወጣው?»

ምን ብሎ ይንገራት? ባጃጅ ለማሻሻጥ ነው ይበላት?

ቁስሉ አመረቀዘና ለሕክምና ወደ ዳንግላ፣ ወደ ቤታችን አመጣናት። አባቴ ከጎኗ አልተለየም። ስለ ዳማው አንዲት ቃል አልተናገረም፤ እሷም ልጇ ያን ፈረስ ምን ያህል እንደሚመኝ አታውቅም ነበር። ለእሷ የአሠሪው ፈረስ ነው፣ በቃ።

በእነዚያ ቀናት ጋሪ ሠሪው ያላሰበው ነገር ደረሰበት። ከገጠር የሚመጣ ሰው ባጃጁን «የሬሳ መኪና» ብሎ ሰየመው። ሴቶቹ ሲያዩት ያማትባሉ። ሕመምተኛ እንኳ «እዚያ ውስጥ ከምገባስ በእግሬ ስሄድ ብሞት ይሻለኛል» ይላል። አንድም ሰው አልሳፈር አለ፤ የሚሳፈር ከሌለ ደግሞ የሚገዛ የለም። እንግዲህ ዓይኑን በጨው አጥቦ ሽማግሌ ይዞ ቤታችን የመጣው ያን ጊዜ ነው። የአያቴ ፊት ቆሰለ፣ ሰው በቁሙ ተለቀሰበት ብሎ አይደለም። ባጃጁ ቆሞበት ነው።

ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ዳማው በራፍ ላይ ታስሯል፤ ድምፁን ስሰማ አባቴን አየሁት። ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። እጁ ግን ጉልበቱ ላይ ይላወስ ነበር።

ጋሪ ሠሪው ከመቀመጫው ተነሥቶ ለአያቴ ጎንበስ አለ። «እናቴ፣ ይቅር ይበሉኝ። የዚህን ወግ ነገር አላውቅም ነበር። እኔ የብረት ሰው ነኝ። ያጠፋሁት ባለማወቅ ነው። ለካሣ ፈረሱን አምጥቻለሁ።» ድምፁ በቅቤ የታሸ ነው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

አያቴ ፊቷ በፋሻ እንደተጠቀለለ መለሰች። «አላወቅሁም ካልህ እግዜር ይቅር ይበልህ፤ እኔም ብያለሁ። ፈረሱን ግን ከዚህ ደጅ አርቅልኝ። ልጄ በቁሙ የተለቀሰበት ፈረስ ነው። ሟርት ነው። እኔ በሕይወት ሳለሁ እዚህ ግቢ አይገባም።»

«እንግዲህ እናታችን ካሉ...» አለ ጋሪ ሠሪው። ቶሎ አለው። በጣም ቶሎ።

አባቴ ቀና አለ። «ካሣ አይደለም» አለ። «ቃልህ ነው። ስፖርት ውድድር ባቆመ ዕለት ፈረሱ የአንተ ነው ብለኸኛል፣ ጠላ ቤት፣ ሰው እየሰማ። ለሽኝቱ ስታስጠራኝም ደግመህልኛል። ካሣ አትበለው። ቃሌ ነበር በል።»

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር መናገሬን አላስታውስም» አለ ጋሪ ሠሪው ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ። «ሰው ጠላ ቤት ስንት ነገር ይላል። እኔ የምሰጠው ካሣ ነው። ከወሰድህ ውሰድ።»

አባቴ ምን እያሰበ እንደነበር አውቃለሁ። «እሺ» ቢል፣ እናቱን ለምኖ ጸበል አስረጭቶ፣ ፈረሱ የእሱ ነው። በዓይኔ ለመንኩት። ያ አፉን በቅቤ ያሸ ሰው የፈለገውን ይበለው፣ ካሣም ይበለው ጉቦም ይበለው፣ አንተ ፈረስህን ውሰድ አልኩት በሆዴ።

«በእናቴ ደም ፈረስ አልገዛም» አለ አባቴ። «ይቅር ተባብለናል። ፈረስህን ይዘህ ሂድ።»

ሽማግሌዎቹ «ወንድ! እንዲህ ነው ወንድ!» አሉ። ጋሪ ሠሪው ሄዶ ፈረሱን ፈታ። ሲወጣ በፉጨት ይዘፍን ነበር።

ሁሉም ሲሄዱ አባቴ «እግሬን ላፍታታ» ብሎ ወጣ። አያቴ አጠገቧ ጠራችኝ።

«ያን ፈረስ ይፈልገው ነበር እንዴ?»

ሁሉንም ነገርኳት፤ ውርንጭላውን፣ ጠላ ቤቱን፣ ከቤት ጀርባ ያለውን ጋጣ። ልጅሽ ሞተ ባሏት ጊዜ እንኳ እንዲያ ያለቀሰች አይመስለኝም።

«ምነው ዝም አለኝ? እኔ ምን አውቄ!» አለች። ቆይታም «ሟርቱንስ ጸበል ያስለቅቀዋል። ፈረስ ሳይኖረው እንደ አባቱ ሊሞት ነው?» አለች።

ጠዋት አባቴ ቤተ ክርስቲያን እንደሄደ በትሯን ይዛ ተነሣች። «ነዪ፣ ሰውዬው ዘንድ ውሰጅኝ። ካሣ ቢለው ምን አለበት፣ እኔ ለምኜ እቀበለዋለሁ።» ክንዷን ይዤ ቀስ እያልን ሄድን። መንገድ ላይ ሰው ሁሉ ፋሻዋን እያየ ይሰግድላታል።

ጋሪ ሠሪው ግቢ ስንደርስ ዳማው አይሱዙ ላይ ሊጫን ነበር። አንድ የጫግኒ ነጋዴ ገመዱን ይዞታል። አያቴ «ቆየኝ ወንድሜ፣ ይህን ፈረስ ለልጄ ልቀበለው ነው የመጣሁ» አለችው።

ሰውዬው ግራ ገባው። ደግ ሰው ይመስላል፤ ባርኔጣውን አውልቆ ነው ያናገራት። «ይኸማ የእኔ ነው እናቴ። እዚያ ሰልፍ ከመውጣቱ በፊት ተስማምተን ጨርሰናል። ለሽኝቱ ያስፈልገኛል ብሎኝ ነው እስከ ዛሬ ያቆየሁለት።»

መጀመሪያ የሰማሁትን አላመንኩም። ሰልፉ ከመውጣቱ በፊት ማለት፣ አባቴ ባጃጅ ውስጥ ሲታሰር ፈረሱ ተሽጧል ማለት ነው። ትናንት ሽማግሌዎቹ ፊት «ለካሣ አምጥቻለሁ» ሲል የሰው ፈረስ ነው ይዞ የመጣው።

ጋሪ ሠሪው ሻይ በብርጭቆ ይዞ ከቢሮው ወጣ። «አባቴ እሺ ብሎ ቢወስደውስ ኖሮ?» አልኩት።

ሳቀ። እውነት ነው የምላችሁ፣ ሳቀ። «እናቱ እያሉ? የለቅሶ ፈረስ በደጇ የምታስገባ እናት የት አለች? ይህን የማላውቅ መሰለሽ እንዴ?»

ትናንት «ወጉን አላውቅም» ብሎ ጎንበስ ያለው ሰው ነው ይህን የሚለው። ሲያሰልፈውም ያውቅ ነበር። ካሣ ብሎ ሲያመጣውም ያውቅ ነበር። የአያቴን ፍርሃት፣ የአባቴን ክብር፣ የእኛን አስለቃሽ፣ ሁሉንም አስልቶ እንደ ቧንቧ ቆርጦ በይዶታል። አንገሸገሸኝ። አያቴ ፊቱን አየችው፣ ምራቋን ከእግሩ ሥር ጢቅ አደረገችና ዞረች። የሻዩን ብርጭቆ አላወረደም።

ስንመለስ አንድ ግንብ ሥር አሳረፍኳት። አይሱዙው በጫግኒ አቅጣጫ አለፈን፤ ወደዚያ አላየችም።

«ለአባትሽ እንዳትነግሪው» አለችኝ።

«እማማ! ምን እንደተደረገ ሊያውቅ ይገባዋል እኮ!»

«ምኑን ነው የሚያውቀው? ፈረስ አጣ። አንድ የቀረው ነገር እምቢ ማለቱ ነው። እምቢ ያለው የሌለ ፈረስ ነው ብለሽ ልትነግሪው ነው?» በትሯን ተመርኩዛ ተነሣች። «እምቢ እንዳለ ይቅር።»

አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ደጅ ላይ አገኘን። «የት ነበራችሁ?» አለ። «ሐኪም ቤት፤ ቁስሌን ላሳጥብ» አለችው። ወንበር አቀረበላት።

ከዚያ በኋላ ባጃጁ ሥራ ጀመረ፤ እርቅ ወርዷል ተባለና ሰውም ለመደው፤ ዛሬ እኔም እሳፈርበታለሁ፣ አፍንጫዬን ይዤ። ጋሪ ሠሪው ተከበረ፣ በየስብሰባው የፊት ወንበር ይሰጠዋል። አባቴም ተከበረ። በሠርግ ቤት፣ በማኅበር፣ በሰንበቴ «ያ ፈረሱን እምቢ ያለው» እያሉ ያስተዋውቁታል። አንድ ሰው «እንዴት ነበር ነገሩ?» ካለው ይተርካል፤ እኔ ጠላ እየቀዳሁ እሰማለሁ። «ዳማው እኮ እዚያ በራፍ ላይ ቆሞ ነበር» ይላል። «እሺ ብል የእኔ ነበር። እጄን መዘርጋት ብቻ ነው።» ከዚያ ቀና ብሎ ያየኛል፣ ምስክር ነሽ አይደል እንደማለት።

ከሞተ በኋላ ነው ይህን መጻፍ የደፈርኩት። በሕይወት ሳለ ግን ባየኝ ቁጥር «አዎ አባባ፣ ያንተ ነበር» እለው ነበር፤ ጠላውንም እቀዳለት ነበር።